ትንፋሹን ለቱባው፣ ሸክሙን ለማንገቻው

ሃያ ሁለት ዓመት በማርሽ ባንድ ቱባ ነፍቻለሁ። ዛሬ ጡረተኛ ነኝ፤ ግራ ትከሻዬ ላይ ጋቢ ሲያርፍበት እንኳ ያመኛል።

ቱባ ጥምዝምዙ ቢዘረጋ 5 ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ቱቦ ነው፤ ክብደቱም ወደ 10 ኪሎ ይጠጋል። 10 ኪሎ ጤፍ ከገበያ ቤት ማድረስ ማንንም አይጎዳም። ያንኑ ያህል ታቅፎ፣ እንግዳ እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ከሆድ አየር እየሳቡ መንፋት ግን ሌላ ነገር ነው። የእኛ ማንገቻ ሁለት ጣት የምታህል ጠፍር ነበረች፤ አንገት ሥር ትቆርጣለች። አመመኝ ያለ ሰው «ወታደር አያማርርም» ይባል ነበር። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ስህተት ነበር።

የነሐስ ባንድ የሆኑት አርባዎቹ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከኢየሩሳሌም አዲስ አበባ የገቡት በ1916 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ማርሹን ከትውልድ ትውልድ ተቀባብለናል፤ የነፊውን ወገብና አንገት የሚጠብቀውን ዕውቀት ግን አልተቀባበልንም። አሜሪካኖቹ በማርሽ ደራሲው በጆን ፊሊፕ ሱዛ ዘመን ሰውነት ላይ ተጠምጥሞ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ሱዛፎን የተባለውን ቱባ ሠሩ፤ ኋላም ክብደቱን ለመቀነስ ከፋይበርግላስ አበጁት። መሣሪያው ለሰው ተስተካከለ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ዛሬም ሰው ለመሣሪያው ይጎብጣል።

ባለፈው ክረምት የማስተምረው አንድ ረጅም ልጅ ቱባውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ አፉን ለማድረስ አንገቱን እንደ ቀስት ደግኖ ይነፋ ነበር። ረጅሙን ኖታ ሳይጨርስ ትንፋሹ ያልቅበታል። ጋቢዬን አራት አጥፌ ከቱባው ሥር አደረግሁለት። አፍ ማስገቢያው ከከንፈሩ ትይዩ ሆነ፤ አንገቱ ቀና፣ ደረቱ ተከፈተ። ያንኑ ኖታ ሳይቆራርጥ ጨረሰው። ቁመቱ አጭር ለሆነ ደግሞ ጋቢ አይበጅም፤ ቱባውን ዝቅ አድርጎ የሚይዝ፣ ወለል ላይ የሚቆም መደገፊያ ያሻዋል። ትሮምቦን ነፊም ቀኝ እጁ ዘንጉን ሲገፋና ሲስብ ክብደቱ በሙሉ ግራ እጁ ላይ ነው፤ ከወንበር ወይም ከደረት ማንገቻ የሚነሣ የድጋፍ ዘንግ አውራ ጣቱንና አንጓውን ያሳርፍለታል።

ቆሞ ለሚነፋ ደግሞ ከሁለቱም ትከሻ በጀርባ ተሻግሮ ወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ ማንገቻ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ክብደትም ለአንድ ትከሻ ሲሆን ይሰብራል፣ ለመላ ሰውነት ሲከፋፈል ይቀላል። እንዲህ ያለውን ጎበዝ ቆዳ ሰፊ እዚሁ ይሰፋዋል።

ስለዚህ የባንድ ኃላፊዎችን እለምናለሁ፤ መሣሪያ ስትገዙ ማንገቻውንና መደገፊያውን አብራችሁ በጀት ያዙለት። መምህራን ሆይ፣ ልጁን ኖታ ከመጠየቃችሁ በፊት «የት ጋ ያምሃል?» በሉት። እኔን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ይህን ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ ዛሬም ቱባዬን አንሥቼ ለልጆቹ እያሳየሁ አስተምር ነበር።