ቻርጅ አልቀበል ያለው ባትሪና የቆርቆሮው ጣሪያ

በዚህ ሳምንት ቁጣዬን የቀሰቀሰው፣ አንድ የጥገና ቤት ወጣት የእህቴ ልጅ ያቀረበችለትን ላፕቶፕ ገመዱን ሳይፈትሽ፣ ሶኬቱን ሳይለውጥ፣ ነገሩ መቼና እንዴት እንደ ጀመረ እንኳ ሳይጠይቅ፣ «እህቴ፣ ባትሪው ሞቷል፤ መቀየር ብቻ ነው» ብሎ በቅጽበተ ዓይን መፍረዱ ነው። ይህን ዓምድ የምታዘወትሩ ወዳጆቼ ሳይመረምሩ ከሚፈርዱ ሰዎች ጋር ያለኝ ክርክር የቆየ መሆኑን ስለምታውቁ፣ ስለ መኪና ጠጋኞችና ስለ ውኃ መሳቢያ ሞተር ዐዋቂ ነን ባዮች ቀድሞ የጻፍሁትን አልደግመውም፤ ነገር ግን ያ ነገር አርጅቶ ይጠፋል ብዬ ስጠብቅ፣ ልጅ ወልዶ በላፕቶፕ ጥገና ቤት ተቀምጦ ስላገኘሁት፣ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም።

ነገሩ የሆነው በሸዋ ሮቢት፣ ወሩም ግንቦት፣ ጊዜውም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያለውን የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ይፋት ቆላ የወረደ መንገደኛ፣ ጠዋት በደስታ የደረበው ጋቢ ሮቢት ሲደርስ እንዴት ያለ ሸክም እንደሚሆንበት ያውቀዋል፤ የከተማይቱ ከፍታ 1,280 ሜትር ገደማ ነውና፣ ሰውየው በአንድ ጠዋት የሁለት አገር አየር ቀምሶ ይውላል። የእህቴ ልጅ በዚያው ከተማ ባዮሎጂ የምታስተምር መምህርት ስትሆን፣ ያገለገለ ሆኖ ከአዲስ አበባ የተገዛው ላፕቶፗም የተማሪዎቿን ውጤትና የፈተና ጥያቄዎቿን ሁሉ የያዘ፣ በዚያም ዕለት በጥቁር ቦርሳ ታጭቆ ከትምህርት ቤት እስከ ደሴው መንገድ ዳር በባጃጅ የኋላ መቀመጫ ፀሐይ ሲጠጣ የመጣ ነበር። የጥገናው ቤት ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መዝጊያውም ቆርቆሮ ነው፤ በውስጡ የተቀመጠ ሰው ላብ ከግንባሩ እስከ አገጩ ሲወርድ ለመጥረግ እንኳ ይሰለቻል። ወጣቱ ቻርጀሩን ሰካ፤ በስክሪኑ ጥግ ላይ «ተሰክቷል፣ ግን እየሞላ አይደለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ፍርዱም ያን ጊዜውኑ ተሰጠ። የአዲሱ ባትሪ ዋጋ የመምህርቷን የወር ደመወዝ ሲሶ የሚያህል ሲሆን፣ «ኦርጅናል ነው» የሚለው ምስክርነት ግን በነፃ ነው።

ልጅቱም ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል?» ስትለኝ፣ እጄን ከላፕቶፑ ሥር አስገብቼ ዳሰስሁት፤ የጀርባው ግለት መዳፍን የሚያባርር ነበር።

ባትሪን ከመውቀስ በፊት ጠባዩን ማወቅ ይገባል። በላፕቶፕና በስልክ ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 በጃፓኑ ኩባንያ በሶኒ አማካይነት ለገበያ የበቃ፣ ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ የተባሉት ሦስት ሊቃውንት በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉበት ታላቅ ሥራ ይሁን እንጂ፣ ከዚህ ሁሉ ክብር ጋር እጅግ ቅምጥል ነገር ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ሙቀቱም ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲወጣ ቻርጅ ማድረግ ባብዛኛው የተከለከለ ስለሆነ፣ ሠሪዎቹ በውስጡ ሙቀትን የሚለካ ትንሽ ጠቋሚ አኑረውበታል፤ ልኩ ሲያልፍ መቆጣጠሪያው የኃይሉን መግቢያ ይዘጋዋል። ስለምን ቢሉ፣ ግሎ ሳለ ኃይል ቢያስገቡበት በውስጡ ያለው ፈሳሽ መበላሸት ይጀምራል፣ ጋዝ ይፈጥራል፣ ባትሪውም ያብጣል፤ ነገሩ ከከፋም እሳት እስከ ማስነሣት ይደርሳል። በይፋት ቆላ ወባ ያተኮሰውን በሽተኛ፣ እህል አልቀምስም ስላለ ብቻ «ሞቷል» ብሎ ገናዥ የሚጠራ ዘመድ የለም፤ ትኩሳቱ እስኪበርድለት ይጠብቁታል እንጂ። የእኛ የጥገና ባለሙያ ግን በሽተኛውን ከፀሐይ ወደ ባሰ ግለት አስገብቶ፣ ሳይነካው ሞቱን አወጀ።

ላፕቶፑን አጥፍተን፣ ከጥገናው ቤት ጀርባ ባለ ግቢ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር በሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጠን፣ እኛም ሻይ እየጠጣን የነፋሱን መዞር ጠበቅን። ወለሉ ሙቀቱን ከሳበለት በኋላ ያንኑ ቻርጀር ብንሰካው፣ ሞቷል የተባለው ባትሪ መሙላት ጀመረ። ልጅቱ በደስታ እየሳቀች ሳለ፣ ቁጥሩ 80 ላይ ደርሶ ቀጥ አለ፤ ወጣቱም በሩ ላይ ቆሞ ይመለከት ስለነበር፣ «አባቴ፣ አላልሁም?» አለኝ። ይህም ሌላው ችኩል ፍርድ ነው፤ ባሁኑ ዘመን ብዙዎቹ ላፕቶፖች ባትሪው ዕድሜው እንዲረዝም 60 ወይም 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም የሚያዝዝ ቅንብር አላቸውና፤ የሊቲየም ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶ ሲቀመጥ፣ ይልቁንም በሙቀት ሞልቶ ሲቀመጥ፣ ፈጥኖ ያረጃል። ቅንብሩን ከፍቼ ሳሳየው «እሱን አላየሁትም» አለ፤ እኔም የተከራከርሁት አላየህምና አትፍረድ ብዬ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ አልጨመርሁም።

የቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ መምህራን አንዱን ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ምስጢሩን ደርዝ በደርዝ ሲያወጡ፣ ከመጀመሪያው ፍቺ ጋር ተጣብቀው አይቀሩም፤ ይህ ልማድ ወደ ጥገና ቤት ቢገባ ስንት ደመወዝ በዳነ ነበር! ቻርጅ አልቀበል ያለ ላፕቶፕ፣ አንድም ሶኬቱ ነው፤ ከሩቅ ግድብ ተጉዞ የመጣ ኃይል በስድስት ሰው የተጨናነቀ የላላ ማከፋፈያ ላይ ደርሶ ይቀራልና፣ ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክቶ ማየት ይቀድማል። ማታ ማታ የሚደክመውን መብራት ለመክሰስ ግን አንቸኩል፤ በቻርጀሩ ጀርባ ብታነቡ ከ100 እስከ 240 ቮልት እቀበላለሁ የሚል ተጽፎበታል። አንድም ገመዱ ነው፤ ከመሰኪያው አንገት ላይ ሲታጠፍ ኖሮ በውስጡ የተቆረጠ ገመድ፣ ሲያንቀሳቅሱት መጣሁ ሄድሁ ይላል። አንድም ቻርጀሩ የተዋሱት ነው፤ 65 ዋት የሚሻ ላፕቶፕ 45 ዋት ሲሰጡት ለመንቃት ያህል ይበቃዋል እንጂ ለባትሪው የሚተርፍ ላይኖረው ይችላል። እንደ ዴል ባሉት ላይ ደግሞ በመሰኪያው መካከል ያለችው ቀጭን መርፌ የቻርጀሩን ማንነት የምትናገር ስለሆነች፣ እርሷ ከተጣመመች ወይም ከተሰበረች ላፕቶፑ በመብራት ይሠራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም፤ በዚህ ምክንያት ስንቱ ጤነኛ ባትሪ እንደ ተጣለ እግዚአብሔር ይወቀው። አንድም የመሰኪያው ቀዳዳ አቧራ ጠጥቷል፤ አንድም መቆጣጠሪያው ደንዝዟል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ባትሪውም የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። አንድም ላፕቶፑ በክረምቱ ዕረፍት ከሣጥን ውስጥ ባዶውን ከርሞ፣ ባትሪው ከልኩ በታች ስለወረደ ራሱን ቆልፏል።

ይህ ሁሉ ታልፎ ሲያበቃ ነው እንግዲህ «አንድም ባትሪው አርጅቷል» የሚባለው፤ ባትሪ አያረጅም አላልሁም። ሙሉ በሙሉ ሞልቶ የመፍሰስ ዙር ከ300 እስከ 500 ገደማ ከደረሰ በኋላ ዐቅሙ መቀነሱ የተለመደ ነው። ይህንም በግምት ሳይሆን በቁጥር ማወቅ ይቻላል፤ በዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት «ፓወርሲኤፍጂ» ከሚለው ቃል ጋር «ባትሪሪፖርት» የሚለውን ጽፎ ያዘዘ ሰው፣ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን ዐቅምና ዛሬ ሊይዝ የሚችለውን ጎን ለጎን ተጽፎ ያገኘዋል። ሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያውን ሲሶ ካላከለ፣ ያን ጊዜ እኔም ይቀየር እላለሁ። ያበጠ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ሪፖርትም አያስፈልገውም፤ የላፕቶፑ መዳሰሻ ተነሥቶ ወይም ክዳኑ አልገጥም ብሎ ካያችሁት፣ ሳትወጉት፣ ሳትጫኑት፣ ቻርጅም ሳታደርጉት ከቤት አውጡት።

በዚህ አጋጣሚ ከአንድ የቆየ ተሟጋቼ ጋር ሒሳቤን ልዝጋ። ወላጆቻችን የትራንዚስተር ራዲዮ ድምፅ ሲሰልልባቸው የባትሪ ድንጋዩን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር፤ ራዲዮውም የምሽቱን ዜና አሰምቶ እስኪጨርስ ያህል ነፍስ ይዘራ ነበር። ነገሩ ከንቱ እምነት አልነበረም፤ የዚያ ደረቅ ድንጋይ ውስጣዊ ሥራ በሙቀት ስለሚፋጠን፣ የቀረችውን ጥቂት ኃይል አሟጥጦ ይሰጥ ነበር። ያ ተሟጋቼ ግን ዛሬም የስልኩን ባትሪ መስኮት ላይ አስጥቶ «አባቶቻችን ያውቁ ነበር» ይለኛል። አባቶቻችን የሚያውቁት ድንጋዩን ነበር፤ ይህኛውን ቢያገኙት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ከፀሐይ ያሸሹት ነበር። ላፕቶፕን ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት ለሚለው ለሌላው መካሪ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ ከፍሪጅ ወጥቶ የሮቢት አየር ሲነካው የሚያልበው ጠል የት እንደሚገባ ይንገረኝ።

አሁን ወደ ቆርቆሮው ልግባ፤ «ደግሞ ጀመረው» የምትሉኝ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። ያ ላፕቶፕ የታመመው በባጃጅ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የሚውልበት የመምህራን ክፍል ኮርኒስ የሌለው፣ ፀሐይ በቀጥታ የምትመታው የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ነው። ይህ ንድፍ የተነሣው በደጋ ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በደብረ ብርሃን እንዲህ ያለ ክፍል በረከት ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ያሞቀዋልና። ያው ንድፍ አንድ ቀዳዳ ሳይጨመርበት፣ አንድ ክንድ ጥላ ሳይታከልበት ወደ ይፋት ሲወርድ ግን፣ ለሰውም ለመሣሪያም ምጣድ የሚሆን ቤት ይወጣዋል።

የቆላ ሰው ግን ሙቀትን ማስተናገድ ከማንም አልተማረም። የይፋት አገር ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የወላስማ ነገሥታት መንበር፣ ከዘይላ ወደብ የሚወጣው የነጋዴ ቅፍለት ማለፊያ የነበረ ነው፤ እስከ ዛሬም ድረስ በሰንበቴ የእሑድ ገበያ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ሲገናኝ፣ ሥራውን በማለዳ ጀምሮ ቀትርን በጥላ ማሳለፍ ያውቅበታል። በሾንኬ ኮረብታ ላይ ያሉት የአርጎባ ቤቶች በወፍራም የድንጋይ ግንብ ቆመው በአፈር ጣሪያ የተከደኑ ሲሆኑ፣ የአፋሩ የሰሌን ቤት ደግሞ ነፋሱን ራሱን ግድግዳ ያደረገ ነው። እኔ ወደ ሰሌን ቤት እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ያንን ሁሉ ዘመን የተከማቸ ጥበብ ከጎናችን አስቀምጠን፣ ለቆላ ትምህርት ቤት የደጋ ቆርቆሮ መላካችን ያስተዛዝበናል።

ይህን ስል «አገሪቱ ስንት ችግር እያለባት አንተ ስለ ኮርኒስ ትጽፋለህ» የሚል አይጠፋም። ኮርኒስ፣ በሁለት ወገን ትይዩ መስኮት፣ ጣሪያው ላይ ነጭ ቀለም፣ በግቢው ውስጥ ጥቂት ኒም፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ የጥቂት አዳዲስ ኮምፒዩተሮችን ዋጋ አያህልም፤ ኮምፒዩተሮቹን ከማዳኑም በላይ፣ ከቀትር በኋላ ራሱን ዴስኩ ላይ የሚጥለውን ተማሪ ያነቃዋል። መምህርቱን የመከርኋትም ይህንኑ ነው፤ የባትሪ ነጋዴ ገንዘብ ሲጠይቃት ሁለቱን ቁጥሮች አሳየኝ እንድትለው፣ ትምህርት ቤቱም ለኮምፒዩተር ዕርዳታ ማመልከቻ ሲጽፍ የመጀመሪያው መስመር ላይ ኮርኒስ እንዲያስገባ በስብሰባ እንድታነሣ ነግሬያታለሁ። ኮምፒዩተር ብቻ ከመጣ፣ በመጪው ግንቦት እነዚያም ተራ በተራ «ሞቷል» ሊባሉ ነው።