ሱቁ ሲዘረፍ ካርድ ሁሉ እኩል አይጎዳም

ዲሴምበር 21 ቀን 2013 ቅዳሜ ነበር፤ ለፈረንጆች ገና አራት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ቀን ጄፒ ሞርጋን ቼዝ ባንክ ሁለት ሚሊዮን ለሚጠጉ ደንበኞቹ በዴቢት ካርዳቸው በቀን ከ100 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት፣ ከ300 ዶላር በላይም ዕቃ መግዛት እንደማይችሉ አስታወቀ። ሰዎቹ የባንኩን ደንብ አልጣሱም፣ ያልከፈሉት ዕዳም የለም። ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 15 ባሉት ቀናት ታርጌት የተባለው፣ በኮምፒዩተር ሌቦች የተዘረፈው መደብር ገብተው በዴቢት ካርድ ገዝተው ነበር፤ ይኸው ነው። በእነዚያው ቀናት፣ በእነዚያው ማሽኖች ላይ ክሬዲት ካርዱን ያንሸራተተ ሰው ግን ይህ ገደብ አልነካውም።

አንድ መደብር ሲዘረፍ ዜናው የሚነግረን የካርዶቹን ብዛት ነው። የካርዶቹን ዓይነት የሚነግረን የለም። ጉዳቱን የሚወስነው ግን ዓይነቱ ነው። እዚህ አሜሪካ የምንኖር የአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ብዙዎቻችን በኪሳችን የያዝነው ክፉኛ የሚጎዳውን ካርድ ነው። ይህ ስለሚያሳስበኝ ነው የምጽፈው።

የታርጌቱ ዘረፋ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። ወደ እርሱ የምመለሰው አሠራሩ ከሌሎቹ ይልቅ በዝርዝር ስለታወቀ ነው፤ የሴኔቱ የንግድ ኮሚቴ ሳይቀር በማርች 2014 ደረጃ በደረጃ የተነተነ ሪፖርት አውጥቶበታል። ሌቦቹ በታርጌት በር አልገቡም። የገቡት ለመደብሮቹ የማቀዝቀዣ ሥራ በሚሠራ፣ ፔንሲልቬኒያ ባለ ትንሽ ድርጅት በኩል ነው። ለዚያ ድርጅት የማጥመጃ ኢሜይል ላኩ፣ የይለፍ ቃሉን ሰረቁ፣ በእርሱም ወደ ታርጌት ኔትወርክ ዘለቁ። ከዚያ በየሱቁ ባሉት የክፍያ ማሽኖች ላይ አንድ ፕሮግራም ተከሉ። ካርድ ሲነበብ ቁጥሩ በሚስጥራዊ ኮድ ከመሸፈኑ በፊት ለቅጽበት በማሽኑ ሜሞሪ ውስጥ ግልጽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ ይለቅም የነበረው በዚያች ቅጽበት ነው። 40 ሚሊዮን የካርድ ቁጥር ተለቀመ። የ70 ሚሊዮን ሰዎች ስም፣ አድራሻ፣ ስልክና ኢሜይልም ተወሰደ። ከካርዶቹ ጋር በኮድ የተሸፈኑ የፒን ቁጥሮችም መወሰዳቸውን መደብሩ ዲሴምበር 27 አመነ።

ገዢው ምን ማድረግ ይችል ነበር? ምንም። ፒኑን በእጁ ከልሎ ቢመታ፣ ደረሰኙን ቀዳዶ ቢጥል አያድነውም። ስለዚህ ሰዎች ካርዳቸው ሲዘረፍ «የት ጋ አጠፋሁ?» እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ስሰማ ያመኛል። ያጠፋው ሌላ ነው። ታርጌት 1.6 ሚሊዮን ዶላር ያወጣበት የጥበቃ ሶፍትዌር በኖቬምበር 30 ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል፤ ሕንድ፣ ባንጋሎር ያሉት ተቆጣጣሪዎች ሚኒያፖሊስ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት አስተላልፈዋል፤ ግን እርምጃ አልተወሰደም። የፍትሕ ሚኒስቴር ስለ ዘረፋው ለመደብሩ የነገረው ዲሴምበር 12 ነው። ሕዝቡ ወሬውን መጀመሪያ የሰማው ከመደብሩ ሳይሆን ብራያን ክሬብስ ከተባለ ጋዜጠኛ ነው፤ ዲሴምበር 18። በማግስቱ ታርጌት አረጋገጠ።

ቁጥሮቹ ያኔ በድብቅ ገበያ ላይ ወጥተው ነበር። አንዱ ካርድ ከ20 እስከ 100 ዶላርና ከዚያም በላይ ይሸጥ ነበር፤ የሚሸጠውም ካርዱ ከተነበበበት ሱቅ የፖስታ ኮድ ጋር ነው። ገዢው ሌባ በራሱ ሰፈር የሚኖር ሰው ካርድ መርጦ ይገዛል፤ በዚያው ሰፈር ሲያወጣበት የባንኩ ኮምፒዩተር አይጠረጥርም። «ሩቅ አገር ቢሞከር ባንኩ ያግደዋል» ብሎ መተማመን የማይበቃውም ለዚህ ነው።

በሜይ 2017 መደብሩ ከ47 ክፍላተ ሀገርና ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር በ18.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። ለ40 ሚሊዮን ካርድ ሲካፈል ለአንዱ 50 ሳንቲም አይሞላም። ለባንኮችና ለካርድ ድርጅቶች ከዚህ የበለጠ ከፍሏል፤ ካርዱ የታገደበት ሰው ያባከነው ቀንና ያደረበት ጭንቀት ግን በዚህ ሒሳብ አይመለስም።

አሁን ወደ ካርዶቹ ልምጣ። ክሬዲት ካርድ ሲሰረቅ የሚወጣው የባንኩ ገንዘብ ነው። የፌደራሉ ሕግ የባለካርዱን ኪሳራ ከ50 ዶላር እንዳያልፍ ገድቦታል፤ በተግባር ባንኮቹ ያንንም አይጠይቁም። ያልገዛችሁት ዕቃ በስቴትመንታችሁ ላይ ከመጣ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ትከራከራላችሁ፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ያንን ሒሳብ አትከፍሉም። ቤታችሁ ውስጥ የተነካ ነገር የለም።

ዴቢት ካርድ ሲሰረቅ የሚወጣው የራሳችሁ ገንዘብ ነው፤ ያውም አስቀድሞ ወጥቶ አልቆ ነው የምትሰሙት። እዚህ ላይ ሕጉ ቀን ይቆጥራል። ካርዱ ራሱ ከጠፋ፣ መጥፋቱን ባወቃችሁ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ከተናገራችሁ ኪሳራችሁ ከ50 ዶላር አያልፍም፤ ከዘገያችሁ እስከ 500 ይደርሳል። መደብር ሲዘረፍ ግን ካርዱ ከቦርሳችሁ አልወጣም፤ የሄደው ቁጥሩ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ስቴትመንቱ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ ካመለከታችሁ ገንዘባችሁ በሙሉ ይመለሳል። 60 ቀኑ ካለፈ ግን ከዚያ በኋላ ለሚወጣው ገንዘብ ሕጉ ከለላ አይሰጣችሁም፤ በሒሳቡ ያለው ሁሉ ቢሄድ እንኳ። ፖስታ ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ የሚከመርበት ቤት ስንት ነው? እንግሊዝኛ የማያነቡ አባት፣ ልጃቸው ሲመጣ እንዲያይላቸው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡት ደብዳቤ ስንት ቀን ይቆያል?

በጊዜ ያመለከተ ሰውም ቢሆን ወዲያው አይገላገልም። ባንኩ ለማጣራት አሥር የሥራ ቀን አለው። በዚያ ካላለቀለት ገንዘቡን በጊዜያዊነት መልሶ ምርመራውን ሊቀጥል ይችላል። አሥር የሥራ ቀን ማለት ከሁለት ሳምንት ጋር አንድ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቤት ኪራይ ይደርሳል፣ የመኪና ኢንሹራንስ ይቆረጣል፣ የዕቁብ ቀን ይመጣል፣ ከአገር ቤት ደግሞ ለሕክምና ላኩልን የሚል ስልክ ይደወላል። ብዙዎቻችን ይህን ሁሉ የምንከፍለው ከአንድ ቼኪንግ አካውንት ነው፤ ቡና የምንገዛበት፣ ቤንዚን የምንቀዳበት ዴቢት ካርድም የተያያዘው ከዚያው ጋር ነው።

ለምን እንዲህ ሆንን ቢባል ምክንያቱ አያሳፍርም። ያደግነው ዱቤ በሚፈራበት ቤት ነው። በእጅ ያለውን ማውጣት ጨዋነት፣ በሌለ ገንዘብ መግዛት ውርደት ነው ተብለናል። ክሬዲት ካርድ ወለዱ ስንቱን ቤተሰብ እንዳናጋ በዓይናችን አይተናል፤ ስለዚህ ዴቢቱን ይዘን ቀረን። ፍርሃቱን አከብራለሁ። ግን ወለዱን የምንሸሽበት ሌላ መንገድ አለ። ለሱቅና ለኢንተርኔት ግዢ ብቻ የሚውል አንድ ክሬዲት ካርድ ያዙ፤ ወርሃዊ ወጪያችሁን በእርሱ ግዙ፤ ወሩ ሲያልቅ ሙሉውን ሒሳብ ከአካውንታችሁ በቀጥታ እንዲቆረጥ አድርጉ። ሙሉው ከተከፈለ በግዢ ላይ ወለድ የለም። ዴቢት ካርዱ ከባንኩ ማሽን ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ብቻ ይሁን።

ክሬዲት ካርድ ማግኘት ያልቻለ፣ አገሩን ገና የለመደ ሰው አለ። እርሱ ሁለተኛ አካውንት ይክፈት፤ የኪራዩና የቤተሰቡ ገንዘብ ካርድ በሌለው አካውንት ይቀመጥ፣ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ካርድ ወዳለው እያዛወረ ይጠቀም። ሌባ ቢመጣ የሚያገኘው የሳምንቱን አስቤዛ ነው። የባንኩ አፕሊኬሽን ከአንድ ዶላር ጀምሮ ለወጣው ሁሉ በስልክ መልእክት እንዲልክም ማድረግ ይቻላል፤ ሌቦች ቁጥሩ መሥራቱን ለማረጋገጥ መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ ይሞክራሉና ያቺ ትንሽ ወጪ ሳትናቅ ወዲያው ለባንኩ ይነገር።

ካርዱን ከማንሸራተት ቺፑን መሰካት ወይም ማስነካት ይሻላል። አሜሪካ ወደ ቺፕ የተቻኮለችው ከታርጌት በኋላ ነው፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ቺፕ የማያነብ ሱቅ በካርድ ድርጅቶቹ ደንብ የሐሰተኛ ካርድን ኪሳራ መሸከም ጀመረ። በስልክ መክፈል ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፤ እንደ አፕል ፔይ ባሉት አሠራሮች ሱቁ ዋናውን የካርድ ቁጥር ጨርሶ አያየውምና ቢዘረፍም የሚወሰድበት ቁጥር ሌላ ቦታ አይሠራም።

የመደብር መዘረፍ ሲሰማ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ፦ «የአንድ ዓመት ነፃ የክሬዲት ክትትል ሰጥተናችኋል» የሚል ደብዳቤ። ታርጌትም ሰጥቷል። ተቀበሉት፣ ግን አትመኩበት። ክትትል የሚነግራችሁ ሰው በስማችሁ ብድር ከወሰደ በኋላ ነው። የሚከለክለው ክሬዲትን ማገድ ነው፤ በተለምዶ ፍሪዝ የምንለው። ከሴፕቴምበር 21 ቀን 2018 ጀምሮ በመላ አሜሪካ በነፃ ነው። ለሦስቱ የክሬዲት መዝገብ ድርጅቶች፣ ለኤኩዊፋክስ፣ ለኤክስፔሪያንና ለትራንስዩኒየን፣ ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሲያግድ ለሌሎቹ አያስተላልፍም። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከተጠየቁ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ማገድ፣ ቤት ወይም መኪና ለመግዛት ስትፈልጉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ማንሳት ግዴታቸው ነው። በቅርቡ ብድር የማይወስድ ሰው፣ በተለይ አረጋውያን ወላጆቻችን፣ ክሬዲታቸው ክፍት ሆኖ የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ከዘረፋው በኋላ የሚደወለው ስልክ ነው። የዛሬ ዘራፊዎች ከካርድ ቁጥር ይልቅ የሰውን ማንነት ይዘው ሲወጡ እያየን ነው። በ2025 የጸደይ ወራት የእንግሊዙ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ሲጠቃ፣ መደብሩ የሚሠራ የካርድ ቁጥር አልተወሰደም አለ፤ የደንበኞች ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ ስልክና የግዢ ታሪክ ግን ተወስዷል። ሌቦቹ እዚያም የገቡት ሌላ ሰው መስለው፣ በሦስተኛ ወገን በኩል ነው። እንዲህ ያለ መረጃ የያዘ ሰው ሲደውል ስማችሁን ያውቃል፣ ባለፈው ወር የገዛችሁትን ያውቃል። «ከባንካችሁ የማጭበርበር ክፍል ነኝ» ይላል። በስልካችሁ የተላከውን ኮድ እንድታነቡለት፣ ወይም ገንዘባችሁን «ለጥንቃቄ» ዜል በተባለው የገንዘብ መላኪያ ወደ ሌላ አካውንት እንድታዛውሩ ያጣድፋችኋል። ቁጥሩ ተሰርቆ የወጣን ገንዘብ ሕጉ ያስመልሳል፤ በገዛ እጅ በዜል የተላከን ማስመለስ ግን እጅግ ይከብዳል።

በእኛ ባህል ስልክ ሰው ላይ መዝጋት ነውር ነው፤ እናቶቻችን የደወለላቸውን ሁሉ «እንደምን አደርህ ልጄ» ብለው ነው የሚቀበሉት። ይህን ጨዋነታቸውን እንዲጥሉ አንጠይቃቸው። አንዲት ቀላል ነገር እናስለምዳቸው፦ ስለ ገንዘብ የሚያወራ ሰው ሲደውል «ልጄ ይደውልልሃል» ብለው ይዝጉ። ከዚያ ከካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ባንኩ ጋ ይደወል፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ ይጠየቅ።

ስለ ኢቢቲ ካርድ ሳላነሳ ብተው ይቆጨኛል። ከሁላችን ያነሰ ገቢ ያላቸው ወገኖቻችን የፉድ ስታምፕ ድጎማቸውን የሚቀበሉበት ካርድ በአብዛኞቹ ክፍላተ ሀገር ዛሬም ቺፕ የለውም፤ ልክ እንደ 2013ቱ ካርዶች ጥቁሩን መስመር በማንሸራተት ነው የሚሠራው። ዴቢት ካርድን የሚጠብቀው የፌደራል ሕግም አይሸፍነውም። ለተወሰነ ጊዜ ኮንግረስ የተሰረቀውን ምግብ በፌደራል ገንዘብ ይተካ ነበር፤ ያ ፈቃድ ዲሴምበር 20 ቀን 2024 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የወሩ ድጎማዋ የተሰረቀባት እናት፣ ክፍለ ሀገሯ በራሱ በጀት ካልተካላት በስተቀር የምትጠይቀው የለም። ካሊፎርኒያ ቺፕ ያለው ካርድ ማደል ጀምራለች። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታ፣ በጆርጂያ ያለን ደግሞ ድምፅ የምንሰጣቸውን የምክር ቤት አባላት ሁለት ነገር እንጠይቃቸው፦ ለእነዚህ ካርዶች ቺፕ መቼ ይገባል? እስከዚያስ የሚሰረቀውን ማን ይተካል?