የተዘጋውን ዕቃ ከፍቶ መማር

ዘበኛ የሚጠብቀውን ቤት መግቢያና መውጫ ካላወቀ ጥበቃው ከስም አያልፍም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ፤ በየሆስፒታሉና በየመኖሪያ ቤቱ ከገቡት ካሜራዎች፤ ራውተሮችና የሕክምና መሣሪያዎች እጅግ ብዙዎቹ በሆዳቸው ትንሽ ኮምፒዩተር ይዘዋል። ባለቤቱ ግን የውጭ መልካቸውን እንጂ የውስጥ ሥራቸውን አያውቅም።

ይህ አለማወቅ የሚያመጣው ጕዳት በፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 ዓመት በግልጥ ታየ። ሚራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም የተጠቀመበት ብልኀት ረቂቅ አልነበረም፤ ፋብሪካዎች የሰጧቸውንና ባለቤቶች ያልለወጧቸውን 60 ያህል የመግቢያ ስሞችና የይለፍ ቃሎች ይዞ በየደጁ ማንኳኳት ነበር። በዚህም በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ መሣሪያዎችን ማረከ። በኦክቶበር 21 ቀን በተማረኩት መሣሪያዎች አማካይነት ዳይን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመልእክት ብዛት ስለ ተጨናነቀ፤ ብዙ ሕዝብ የሚገለገልባቸው የኢንተርኔት አገልግሎቶች ለሰዓታት ተቋረጡ።

ይህን ጥበብ በመጽሐፍ ብቻ ማስተማር ዜማን ያለ ድምፅ እንደ ማስተማር ነው። ተማሪው ያረጀ ራውተር ተሰጥቶት ብሎኑን በካቻቢቴ ይፍታ፤ ፋብሪካው ለመፈተኛ የተዋቸውን የመገናኛ ነጥቦች በሰሌዳው ላይ ይፈልግ፤ የኤሌክትሪኩን ልክ በመልቲሜትር ከለካ በኋላ በቀጫጭን ሽቦዎችና በትንሽ ማገናኛ ከኮምፒዩተሩ ጋራ ያገናኘው። ያን ጊዜ መሣሪያው ሲነሣ የሚሠራውን ኹሉ በጽሕፈት ይነግረዋል፤ አንዳንዱም ቃል ሳይጠይቅ የአዛዥነትን ሥልጣን ለመጣው ኹሉ ይሰጣል። ቀጥሎም ፈርምዌር የተባለውን የውስጥ ፕሮግራም ከማስታወሻው ቺፕ ቀድቶ ሲመረምር፤ በግልጥ ተጽፎ የቀረ የይለፍ ቃል ያገኝ ይሆናል፤ ሠሪው የት እንደ ተሳሳተም በዐይኑ ያያል። የትምህርቱ ፍጻሜ ግን ቀዳዳውን ማግኘት ሳይሆን መድፈን ነው። ደግሞ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላልና፤ ጀማሪ በአነስተኛ ኀይል ከሚሠሩ ዕቃዎች ሊጀምር ይገባዋል።

«ይህስ ሌባን ቍልፍ መክፈት ማስተማር ነው» የሚል ተቃዋሚ አይጠፋም። ነገሩ ከንቱ አይደለም፤ ዕውቀቱ ለደጉም ለክፉውም ያገለግላልና። ነገር ግን ክፉው ሰው ትምህርት ቤት እስኪከፈትለት አይጠብቅም። ቻርሊ ሚለርና ክሪስ ቫላሴክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የጂፕ መኪና ገዝተው ራዲዮዋንና የውስጥ መገናኛዋን መረመሩ፤ በ2015 ዓመትም በስልክ መረብ በኩል ከሩቅ ሆነው በመንገድ ላይ የምትሄደውን መኪና ጕልበቷን ሊያሳጧት እንደሚችሉ አሳዩ። አስቀድመው ለኩባንያው አስታውቀውት ነበርና ማረሚያው ተዘጋጀ፤ 1,400,000 ያህል መኪናዎችም እንዲታረሙ ተጠሩ። ደጎቹ እጆች ባይቀድሙ ኖሮ የክፉዎች እጅ በቀደመ ነበር።

ሕግ መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። እንግሊዝ ለኹሉ አንድ ዐይነት የሆነ ወይም በቀላሉ የሚገመት የፋብሪካ የይለፍ ቃል ያላቸው የቤት መሣሪያዎች እንዳይሸጡ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ከለከለች። ይሁን እንጂ ሕጉ መፈጸሙን የሚያረጋግጠው መሣሪያውን መርምሮ ማየት የሚችል ባለሙያ ነው።

እንደ ኢትዮጵያ ያለ፤ ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኛውን ከውጭ የሚያስመጣ አገርማ ይህ ነገር ይልቁን ያስፈልገዋል። ስለዚህ በየግምጃ ቤቱ ተጥለው አቧራ የሚጠጡት አሮጌ መሣሪያዎች ምስጢራቸው ከተደመሰሰ በኋላ ለቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ቢሰጡ፤ በብዛት ከመግዛትም በፊት አንዱ ተከፍቶ ቢመረመር፤ ተማሪውም የራሱን ወይም ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደለትን ዕቃ ብቻ እንዲከፍት፤ ያገኘውንም ጕድለት አስቀድሞ ለሚያርመው እንዲያስታውቅ ደንብ ቢወጣለት፤ ወጪው ጥቂት፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የሚጠብቀውን ያላወቀ ጠባቂ ሲሰረቅ እንኳ መሰረቁን አያውቅምና።