በመጨረሻው ምት ብቻ መፍረድ እንዳይገባ

ሰው አንድ ነገር ሲፈርስበት ከሁሉ በኋላ የነካውን እጅ ይከሳል። ግድግዳው ዓመት ሙሉ ሲሰነጠቅ ዝም ብሎ ኖሮ፥ በወደቀ ቀን በአጠገቡ ያለፈውን በሬ ይመታል። ይህ ፍርድ ትክክል እንዳይደለ በአሜሪካ አገር ከተደረገ ከአንድ የኳስ ጨዋታ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ጨዋታው ቤዝቦል ይባላል። አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፥ ሌላው በዱላ ይመታል። መቺው በአራቱ ማዕዘን ዞሮ ወደ ተነሣበት በደኅና ቢመለስ ለወገኑ አንድ ነጥብ ይቈጠራል። ወርዋሪው ግን ኳሱን ከተወሰነው ስፍራ ውጭ አራት ጊዜ ቢሰድድ፥ መቺው ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ማዕዘን በነጻ ይሄዳል። ለየወገኑ ዘጠኝ ተራ አለው፤ ሦስት ሰዎችም ሲወገዱበት ተራው ያበቃል።

በ1940 ዓመተ ምሕረት መስከረም 22 ቀን፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ኦክቶበር 3 ቀን 1947፥ የኒው ዮርክ ያንኪስና የብሩክሊን ዶጀርስ ለዓመቱ ሻምፒዮንነት አራተኛውን ግጥሚያ በብሩክሊን በኤቤትስ ፊልድ አደረጉ። ለያንኪስ የወረወረው ቢል ቤቨንስ ነበር። እስከ ዘጠነኛው ተራ፥ በዚያም ተራ ሁለት ሰዎች እስኪወገዱ ድረስ፥ ከዶጀርስ አንድ ሰው ስንኳ ኳሱን መትቶ ማዕዘን አልያዘበትም። በሻምፒዮንነት ግጥሚያ ይህን እስከ መጨረሻው የፈጸመ እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም። ያንኪስም 2 ለ 1 ይመሩ ነበር።

ታዲያ ማንም ያልመታበት ሰው ያ አንዱ ነጥብ በየት በር ገባበት? አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ነው። በአምስተኛው ተራ ቤቨንስ ሁለት ሰዎችን በተከታታይ በነጻ አሳለፈ፤ ሦስተኛው ራሱን አስወግዶ ወደ ፊት አስጠጋቸው፤ አራተኛው ኳሱን በመሬት ቢያንከባልል ፊተኛው ሮጦ ገባ። በዚያ ቀን በነጻ የሄዱት ሰዎች በጠቅላላው 10 ናቸው። ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ አለመታወቁ መቺዎቹን አስፈርቶ ይሆናል፤ ዋጋው ግን ይከፈል ነበር።

በዘጠነኛው ተራ ካርል ፉሪሎ በነጻ ሄደ። በእርሱ ፈንታ የቆመው አል ጂዮንፍሪዶ ሁለተኛውን ማዕዘን ሰርቆ ያዘ። ያን ጊዜ የያንኪስ አለቃ ባኪ ሃሪስ፥ ፒት ራይዘር እግሩን የታመመ ሆኖ ሳለ፥ ሳይመታ እንዲያልፍ አዘዘ። ይህ አሥረኛው ነው። ራይዘርን ኤዲ ሚክሲስ ተካው። ቀጥሎ ኩኪ ላቫጌቶ ዱላውን ይዞ ገባ፤ ኳሱንም በቀኝ በኩል እስካለው ግንብ አደረሰው፤ ሁለቱም ሮጠው ገቡ። ዶጀርስ በአንዲት ምት 3 ለ 2 አሸነፉ።

ሰዎች ላቫጌቶ ቤቨንስን ጣለው ይላሉ። እኔ ግን አይመስለኝም። መንገዱ ባዶ ቢሆን ኖሮ ላቫጌቶ በሁለተኛው ማዕዘን ቆሞ ይቀር ነበር፤ ነጥቡም 2 ለ 1 እንደ ሆነ ይኖር ነበር። የገቡት ሁለቱ ሰዎች የቆሙት ሳይመቱ በነጻ በተሰጠ ስፍራ ነው። ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በቤቨንስ ላይ መጫንም አልወድም፤ አሥረኛውን ያሳለፈው በአለቃው ትእዛዝ ነውና። የሚያሸንፈውን ሰው በገዛ እጅ በመንገድ ላይ ማቆም በጨዋታው ልማድ የተጠላ ነው፤ ሃሪስም ስለዚህ ብዙ ተነቅፏል። አዛዡ ተሳስቶ ስሙ የሚጠፋው የታዘዘው መሆኑ በብዙ ሥራ የሚታይ ነው፤ እኔም ይህን ከሽንፈቱ ይልቅ እጠላዋለሁ።

ላቫጌቶንም በዚያች ምት ብቻ የሚያከብረው ሰው በማግሥቱ የሆነውን ይመልከት። በዘጠነኛው ተራ፥ ሁለት ሰዎች ተወግደው፥ እኩል የሚያደርገው ሰው በሁለተኛው ማዕዘን ቆሞ ሳለ ደግሞ ተጠራ። ዱላውን ወረወረ፤ ኳሱን ግን አላገኘውም፤ ያንኪስም 2 ለ 1 አሸነፉ።