ቅጠል ማድረቅ ጋምቤላ ላይ እንደ ደጋ አይደለም!

ሰሞኑን ስለ ኒምና ስለ ሽፈራው (ሞሪንጋ) በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። አብዛኛው «ዶክተር፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚል ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የምጠይቀው አለ፦ እንዴት ደረቀ? እንዴት ተቀቀለ? ከመቼ ጀምሮ ተቀመጠ?

አቋሜን ልናገርና ልቀጥል። የባህል መድኃኒት ሲነሳ ፊቱን የሚያጠቁር ሐኪም አልወድም። «ከተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውንም አልቀበልም። እዚህ ጋምቤላ ስሠራ የማየው ችግር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቅጠሉ ከዛፉ ከወረደ በኋላ ነው።

ከማድረቁ እንጀምር። ከደጋ የመጣን ሰዎች የምናውቀው ሰፌድ ላይ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። ጋምቤላ ከተማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር አካባቢ፣ ባሮ ዳር ያለች ከተማ ናት። በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ በክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በበጋ ፀሐይ ላይ የተሰጣ የሽፈራው ቅጠል ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ቀለሙ ይገረጣል፣ ቫይታሚኑም አብሮ ይቀንሳል። በክረምት ደግሞ ላዩ የደረቀ ይመስልና ውስጡ እንደረጠበ ፌስታል ውስጥ ይታሰራል። ከሳምንት በኋላ ሲከፈት «ትንሽ ሸተተ እንጂ ደህና ነው» ይባላል። ደህና አይደለም! ሻጋታ ነው። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል፤ ጉበት ይጎዳል፣ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። ቤት ውስጥ ማፍላት አያጠፋውም። ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ደግሞ አደጋው በጣም ይብሳል።

ስለዚህ ቅጠሉን አጥባችሁ በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ፣ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉት። አገላብጡት። ስትጨብጡት ኮሽ ብሎ ካልተሰባበረ አልደረቀም። ዱቄት ቶሎ ስለሚደክም በቅጠሉ አስቀምጡትና ለሳምንት የሚበቃችሁን ብቻ ፍጩ። ዕቃው በደንብ የሚገጠም፣ ብርሃን የማያስገባ ይሁን፤ ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ የተክሉን ስምና ቀኑን ጻፉበት። (የፀረ ተባይ ወይም የላምባ ጀሪካን ታጥቦም ቢሆን አይሆንም። ይሄን የምጽፈው ስላየሁ ነው።)

ወደ መቀቀሉ ልምጣ። አንዲት እናት ሦስት ቀን ያተኮሰውን የአራት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። «እህቴ፣ እስካሁን ምን ሰጠሽው?» ስላት ከቦርሳዋ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አወጣች። ውስጡ ጥቁር አረንጓዴ ውሃ። የኒም ቅጠል ነው፣ ጎረቤት ቀቅላ የሰጠቻት። ስንት ቅጠል? «እፍኝ ይሆናል።» በስንት ውሃ? አታውቅም። መቼ ተቀቀለ? እሁድ። ያን ቀን ሐሙስ ነበር። በዚህ ሙቀት አራት ቀን የቆየ ፈሳሽ ውስጥ ባክቴሪያ እንዴት እንደሚራባ አስቡት። የልጁ ደም ውስጥ የተገኘው ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ ነው። ታክሞ ዳነ፤ ግን ሦስት ቀን ባክኗል፣ ፋልሲፓረም ላይ ሦስት ቀን ብዙ ነው።

የሚገርመው፣ ልጁ የዳነበት ኮአርተም ራሱ መነሻው ቅጠል ነው። አንዱ ንጥረ ነገር የሚሠራው የአሪቲ ዘመድ ከሆነው አርቴሚሲያ አኑዋ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩና ባልደረቦቿ ከዚህ ተክል ያወጡት ነገር አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። በኋላ 1,600 ዓመት ገደማ የሆነው የጥንት የሕክምና መጽሐፍ «ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ» እንደሚል አስተዋለች። ቀቅል አይልም! ሙቀቱ ይሆናል የሚያጠፋው ብላ 35 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላ ኤተር ማውጣት ጀመረች። (የመጋቢት ከሰዓታችን ከዚያ ይበልጣል።) እ.ኤ.አ. በ1971 አይጦችና ጦጣዎች ላይ ወባውን ሙሉ በሙሉ አጠፋ፤ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ተክሉ ያው ነው፣ የተቀየረው አወጣጡ ነው። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬም የአርቴሚሲያ ሻይ ለወባ አይመክርም፤ መጠኑ ከስኒ ስኒ ስለሚለያይ ወባው ሳይጠፋ ተመልሶ ይነሳል፣ መድኃኒቱንም ይለምዳል።

የእኛም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የእንዶድ ፍሬ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ነው። ፍሬው በውሃ ሲፈጭ ኃይል ያገኛል፤ በሜታኖል ከወጣ ግን ያ ኃይል የለውም። (እንዶድ አይጠጣም፣ ያልኩትን በሌላ እንዳትተረጉሙት።)

ኒም ለወባ በላቦራቶሪ ተስፋ አሳይቷል፣ ሰውን ከወባ እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። ለመፋቂያ ተጠቀሙበት፣ ግድ የለም። የፍሬውን ዘይት ግን ለሕፃን በፍጹም አትስጡ! ማሌዥያ ውስጥ ከጠጡት ልጆች ማስመለስ፣ መፍዘዝና መንቀጥቀጥ ያጋጠማቸው፣ የሞቱም አሉ። ነፍሰ ጡርም አትውሰድ።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል። በሽተኛውን «ምን ቅጠል ወሰድክ?» ብለን በደህና ድምፅ እንጠይቅ። የተቆጣነው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቀናል፤ የስኳር ክኒን ላይ ሽፈራው የሚጨምር ሰው ደግሞ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። ገበያ ላይ የሽፈራው ዱቄት የምትሸጡም፣ የደረቀበትን ቀን ጽፋችሁ ሽጡ። ቀን የሌለበትን እኔ አልገዛም።

ትኩሳት ሲሆን ግን ምጣድም ጀበናም አትጣዱ። ጣት ተወግቶ የሚደረገው የወባ ምርመራ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ከዚያ ኮአርተም ከታዘዘላችሁ ከ30 ዲግሪ በታች ነው የሚቀመጠው፤ ቆርቆሮው ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡት።