የተበሳ ምላስና የተደበቀ ቁስል

ስለ አንደበት የሚሰበከውን ስብከት ሁላችሁም ሰምታችኋል። የዛሬው ነገሬ ግን ስለ ሥጋው ምላስ ነው፤ መሐሉን አስበስተው ጌጥ ስለሚያስገቡበትና ከወላጅም ከኅብረትም ስለሚደብቁት ወጣቶች።

ምላሳችሁን እንድትበሱ አልመክራችሁም። ከመበሳቱ ይልቅ ግን መደበቁ የከፋ ነው እላለሁ፤ ለመደበቁም ተጠያቂው የተበሳው ወጣት ብቻ አይደለም።

ወሬው እንደ ተሰማ አንዱ ተነሥቶ ዘሌዋውያን 19፥28ን ይመዝዛል። እስቲ ገልጣችሁ አንብቡት፤ ስለ ሞተ ሰው ሥጋን ስለ መቁረጥና ስለ ንቅሳት ነው የሚናገረው። በንቅሳትማ ከሆነ ድዳቸውን ተነቅሰው ያረጁ ስንት እናቶች ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያመልካሉ! ማንም አይገሥጻቸውም፤ ሊገሥጻቸውም አይገባም። ርብቃም በአፍንጫዋ ቀለበት ተደርጎላት ነበር። ስለዚህ ጥቅስ መወራወሩን ትተን ቁስሉን እንይ።

ምላስ ደም የሞላበት ጡንቻ ነው። ሲበሳ ያብጣል፤ እብጠቱም በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 5 ቀናት ይበረታል። የመጀመሪያው ዘንግ ረጅም የሚሆነው ለዚሁ ነው። እብጠቱ ሲጎድል ባለሙያ በአጭር ካልለወጠው ጥርስን ይመታል፣ ድድን ይፈገፍጋል። ቁስሉ እስኪድን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ በረዶ መምጠጥ፣ ከምግብ በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ፣ ለስላሳ ምግብ መብላት ያስፈልጋል። በርበሬና ትኩስ ቡና ይቆዩ። አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ ቁስሉን ከማስቆጣት በቀር የሚፈይደው የለም። ጌጡን በእጅ መነካካት፣ ከጥርስ ጋር ማጋጨትም አይገባም።

አሁን ይህን ሁሉ ተደብቃ የምታደርግ አንዲት ዘማሪ አስቡ። ብትናገር ከአገልግሎት እንደምትታገድ ታውቃለች። ልምምድ ላይ ስትኮላተፍ «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ትላለች። ቤት ስትገባ እናቷ ቀይ ወጥ ያቀርባሉ፤ እንዳይነቃባት እንባዋን እየዋጠች ትበላለች። ሲያመረቅዝባት ከጓደኛዋ የተረፈ አሞክሳሲሊን ትውጣለች። ወይም ፈርታ ጌጡን ታወጣዋለች፤ ቀዳዳው ቶሎ ይገጥምና መግሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ይህን ሁሉ ያመጣው መርፌው ነው ወይስ ፍርሃቱ?

እኔን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ልብ ነው። በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልባቸው ቫልቭ የተጎዳ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ መታመማቸውን ሳያውቁ የሚኖሩም አሉ። በአፍ ያለ ባክቴሪያ በቁስሉ በኩል ወደ ደም ገብቶ በተጎዳ ቫልቭ ላይ ቢያርፍ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የምትወጉ ካላችሁ ይህ ጌጥ ጨርሶ አይታሰብ። ጤነኞችም ብትሆኑ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በአፍ ውስጥ ጌጥ ማድረግን የሚቃወመው ጥርስ ስለሚሰነጥቅና ድድ ስለሚያሸሽ መሆኑን እወቁ። ወጣት የሚያሳምነው እንዲህ ያለው ምክንያት ነው፤ «አሕዛብን መሰላችሁ» የሚለው ጩኸት አይደለም።

«ታዲያ ዝም ብለን እንያቸው?» የምትሉ የኅብረት መሪዎች አትጠፉም። ሳይበሱ በፊት የቻላችሁትን ያህል ተከራከሯቸው፤ እኔም አብሬያችሁ እከራከራለሁ። ከተበሱ በኋላ ግን የምትጠይቁት ሌላ ነው፦ ትኩሳት አለሽ ወይ? ምራቅሽን መዋጥ አቅቶሻል? እብጠቱ ወደ አገጭሽ ሥር ወርዷል? ከእነዚህ ለአንዱ «አዎ» ካለች፣ መዋጥ ካቃታት ወይም ትንፋሽ ካጠራት፣ የሥነ ሥርዓቱ ስብሰባ ይቆይና በዚያው ሌሊት ታክሲ ጠርታችሁ ድንገተኛ ክፍል አድርሷት።