ስለ ጎበጠው ልጅና ስለ አይሁዳዊው ሐኪም

በሶዶና በአካባቢዋ ጀርባው የጎበጠ ልጁን ከእንግዳ ዓይን የሚሸሽግ ወላጅ አይታጣምና፥ ይህን አንብቡለት። በ1907 ዓ.ም. የተመሠረተው «ጆይንት» የተባለው የአሜሪካ አይሁድ የርዳታ ማኅበር ዶክተር ሪክ ሆድስን በአዲስ አበባ ያቆማቸው፥ ወደ እስራኤል የሚሄዱትን ቤተ እስራኤላውያን እንዲያክሙ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ የሚበልጡት በአንድ ቀን ተኩል በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ የሐኪሙ ሥራ ግን አላለቀም። ራሳቸው ሰንበት አክባሪ አይሁዳዊ ሲሆኑ፥ በእማሆይ ትሬዛ ቤት የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ልጅ ጀርባ መረመሩ፤ ብዙዎችንም ለቀዶ ጥገና ወደ ጋና ላኩ። ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹን ያጎበጣቸው እርግማን ሳይሆን አከርካሪ የያዘ ቲቢ ነው፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ ይሰጣል። የማይለቅ የጀርባ ሕመም፥ የማታ ትኩሳትና ክሳት ያየ ወላጅ ልጁን ሶዶ ኦቶና ሆስፒታል ያድርስ፤ አጥንቱ ከጎበጠ በኋላ መድኃኒት ብቻውን አያቃናውም።